የተቆረጠው ባሕር ዛፍ ጋ ታጠፍ

የጉለሌ ሰው አቅጣጫ ሲያመላክት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያለውን ትቶ የሌለውን ነው የሚጠራው። «ወፍጮ ቤቱ የነበረበት ጋ»፣ «ድሮ ሻምበሉ ይኖሩበት ከነበረው ቤት ከፍ ብሎ»፣ «የፈረሰው አጥር ጋ»። ልጆቻችን በዚህ ይስቁብናል። ስልካቸውን አውጥተው አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ያሳዩናል፤ ነጥቧ እኛ ነን አሉ። ያለንበትን የምትነግራቸው ደግሞ ከላይ የምትዞር ሳተላይት ናት። ትዙር፣ ማን ከለከላት! ግን ምልክቷ ምድር እስኪደርስ እጅግ ስለሚደክም፣ ተንኮለኛ ሰው በትንሽ የምልክት ማፈኛ መሣሪያ ሊያጠፋት፣ ሲብስም እኛን ከሌለንበት ሊያስቀምጠን እንደሚችል የሚያውቁ ይናገራሉ። እንዲህ በቀላሉ የሚሸወድ ነገር አምነው በእኛ ይስቃሉ! አይ እነሱ!

ይህን ሁሉ የሚያናግረኝ የልጄ የሰላም ነገር ነው። ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቶ፣ እሷ እዚሁ ጉለሌ፣ ቀጨኔ እኛ ዘንድ መጥታ ሳለ፣ ቀኗ ሳይደርስ በጠራራ ፀሐይ ምጥ ያዛት። እያቃሰተች ራሷው በእኔ ስልክ መኪና ጠራች። ወዲያው የመኪናዋ ምስል ካርታው ላይ እየተሳበች መጥታ ደጃችን ቆመች። በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ከአንድ የተኛ ውሻ በቀር ማንም የለም። ሹፌሩ ጋ ደወልኩ።

«በሩ ላይ ነኝ አባቴ፣ ይውጡ» አለኝ።

«የምን በር? ምን ይታይሃል?»

«ገደል።»

ሰላም ከውስጥ «አባዬ፣ ልሞት ነው!» ብላ ጮኸች። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ፈራሁ። ይሄኔ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ የልጄን ወገብ ሲያሹ የቆዩት፣ ስልኩን ከእጄ መነተፉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ሰፈር ነው የኖሩት፤ ካርታ የሚባል ነገር ዘርግተው አያውቁም።

«ስማ ልጄ፣ ያንን ነገር ዝጋና ወደ መድኃኔዓለም ተመለስ። ከዚያ ቁልቁል ወረድ ብለህ ባሕር ዛፉ ጋ ወደ ግራ ታጠፍ።»

ትንሽ ቆይቶ «እማማ፣ ባሕር ዛፍ የለም እኮ» አለ።

«ከየት ይመጣል? ከተቆረጠ ስንት ዘመኑ!»

«ታዲያ በምን ልወቀው?»

«አፍ የለህም? ጠይቃ!»

ጠየቀ። መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት «የተቆረጠው ባሕር ዛፍ? ያውልህ» ብላ፣ ባዶውን ቦታ በአገጯ አሳየችው። ሴትዮዋ ዛፉ ሲቆረጥ እንኳን ሽንኩርት ልትሸጥ፣ አልተወለደችም። ግን ማን የጉለሌ ልጅ ነው እሱን የማያውቅ? ከዚያ ወዲያ በሰው ጣት እየተመራ፣ ጡሩምባውን እያንባረቀ ደጃችን ከች አለ። እሰይ፣ የእኔ ጀግና! ልጄን ደግፈን አስገባናት።

ሐኪም ቤት ደርሰን ብዙም አልተቀመጥን። ነርሷ ብቅ ብላ «ማርያም ማረቻት፤ ሴት ልጅ ናት» አለችን። እትዬ አስካለ እልልታውን አቀለጡት። እኔ ሽማግሌው አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ!

ዕንባዬን ስጠርግ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። አውጥቼ አነበብኩት። «ሹፌርዎ ሊያገኝዎ ስላልቻለ ጉዞዎ ተሰርዟል» ይላል።

ቀና ስል ሹፌሩ ከእትዬ አስካለ ጎን ቆሞ ያጨበጭባል።