ሦስተኛው ፕሮፎርማ

ሰው የሚቸገረው ምርጫ ሲያጣ ነው ይባላል። ውሸት ነው። ሰው የሚቸገረው ምርጫ ሲበዛበት ነው። እኛ የቆላ ሰዎች ይህን በደንብ እናውቃለን፣ ምርጫ የሚባል ነገር በዝቶብን አያውቅማ። መተማ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ፣ ዓመቱ ወይ ሙቀት ነው ወይ ጭቃ ነው። በሙቀቱ ጥላ ትፈልጋላችሁ፣ በጭቃው ቦቲ ትፈልጋላችሁ፣ አለቀ። የሚዘራውም ወይ ሰሊጥ ነው ወይ ማሽላ። እንዲህ ሆነን በሰላም ስንኖር አንድ ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሦስት የሜዳ ኮንሰርት በአንድ ቅዳሜ ተደራርቦ መጣና ትዳሬን ለጥቂት ሳተው።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ስለ ራሴ ልንገራችሁ። የወረዳ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ነኝ። ሥራው ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ሌላው ሲቆፍር እኛ የተቆፈረውን በመቶኛ እናወጣለን። ሌላው ሲዘራ እኛ ሠንጠረዥ እናሰምራለን። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ፣ ሰውን ይለውጣል። ይህን ሥራ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ሚስቱ ጨው አቀብለኝ ስትለው እንኳ «በስንተኛው ሩብ ዓመት?» ሊላት ይቃጣዋል።

ሚስቴ እናኑ ትባላለች። የጎንደር ልጅ ናት። ሳገባት በቀበሌዋ ኪነት ቡድን ውስጥ ትዘፍን ነበር፣ እስክስታዋማ ባይወራ ይሻላል፣ እኔን እዚህ ያደረሰኝ እሱ ነው። ወደ ቆላ ይዣት ስወርድ አውቶቡሱ ውስጥ አለቀሰች። ለእናቷ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ለከበሮው ኖሯል። እኔም እጇን ይዤ፣ «አይዞሽ፣ በዓመት በዓመቱ ትልቅ ሜዳ ላይ ሙዚቃ አሳይሻለሁ» አልኳት። በዓመት በዓመቱ! ወጣትነት መጥፎ ነው። ከዚያ አንዱን ዓመት ስብሰባ በላው፣ አንዱን ወባ፣ አንዱን የሰሊጥ አጨዳ። አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እናኑም እየቆየች ዝም አለች። የሚስቱን ዝምታ እንደ ስምምነት የሚይዝ ባል አይታችሁ ከሆነ እኔን አይታችኋል።

በዚያ ዓመት ግን ሞንታርቦ የጫነች መኪና ከተማውን ዞረችው። ወረቀት በተነች። አንዱ ወረቀት ጎንደር ይላል፣ አንዱ ባሕር ዳር። በሁለቱም ላይ የዘፋኞቹ ፎቶ ተደርድሯል፣ ሁሉም ትናንት ዕቁብ የደረሳቸው ይመስል ይስቃሉ። እናኑ ሁለቱንም ወረቀት ከገበያ ይዛ መጣችና እራቴን ስበላ ከሳህኔ አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

«ዘንድሮስ?» አለችኝ።

«ዘንድሮ እንሄዳለን!»

«የትኛውን?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? ጎንደር ትላላችሁ፣ ወይም ባሕር ዳር። እኔ ግን «ይጠናል» አልኩ።

እናኑ ሳህኑን አነሳች። «ጥሩ ነው፣ አጥና። ዘንድሮም ከቀረን ግን ከእንግዲህ አልጠይቅህም» አለችኝ። አልተቆጣችም፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አንዲት ሴት ባሏን መጠየቅ ተወች ማለት ከሱ ምንም አትጠብቅም ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ በየትኛውም ሠንጠረዥ ሞልቼ የማላወጣው ነገር ነው። በጣም ፈራሁ። ሲፈራ የሚሮጥ ሰው አለ፣ ሲፈራ የሚጸልይ አለ። እኔ ኮሚቴ አቋቋምኩ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። አንደኛው ጋሼ ባበይ ናቸው፣ ኮኪት አጠገብ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ያላቸው ባለሀብት። ቤታቸው ጎንደር ነው፣ ደብል ጋቢና መኪና አላቸው፣ ኮሚቴ ውስጥ የገቡትም በመኪናቸው ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው መምህር ደሳለኝ፣ የሒሳብ አስተማሪ፣ ከባሕር ዳር አፈር ወጥቶ እዚህ የተመደበ፣ ከተመደበ ጀምሮ ዝውውር የሚጠይቅ። ሦስተኛው እኔ፣ ሰብሳቢም ጸሐፊም። የምንሰበሰበው ሻይ ቤቱ ደጅ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ነበር፣ ቀዝቃዛ ከርከዴ እየጠጣን።

«ሁለት ኮንሰርት አለ፣ ከሁለት አንዱን ነው የምንመርጠው» አለ መምህር ደሳለኝ።

«በሁለት ፕሮፎርማ ግዢ ይፈጸማል እንዴ?» አልኩት።

ለማታውቁ፣ በመንግሥት ቤት አንድ መጥረጊያ ለመግዛት እንኳ ከሦስት ሱቅ የዋጋ ማቅረቢያ ማምጣት ግድ ነው። ፕሮፎርማ የምንለው እሱን ነው። አንደኛው የሚገዛበት ነው፣ ሁለተኛው የሚወዳደርበት ነው፣ ሦስተኛው የሚሞላበት ነው። ሦስተኛውን ማንም አያነበውም። ብቻ ከሌለ ፋይሉ አይዘጋም። ስለዚህ ሦስተኛ ፈለግን፣ እሱንም ከጎረቤቴ ከሃሊማ አፍ አገኘነው። ሃሊማ ከሱዳን ወሰን ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች ቶብ የሚባለውን የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያና ሽቶ የምትነግድ ሴት ናት። በዚያው ቅዳሜ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ላይ የኛው አገር ዘፋኝ ሜዳ ላይ ሊዘፍን ነው ብላ ለእናኑ ስትነግራት ሰምቼ ነበር። ሱዳኖች የኛን ዘፈን እንዴት እንደሚወዱ ለመተማ ሰው አይነገርም። «ይግባ» አልን፣ ገዳሪፍ በሦስተኛ ረድፍ ገባ።

ከዚያ መስፈርት ወጣ። የዘፋኝ ብዛት፣ ርቀት፣ አየር ንብረት፣ መኝታ፣ ድምፅ፣ ደህንነትና ሰነድ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ተሰጠው፣ ድምሩ ከመቶ ይያዛል። እስቲ አሁን ይህን ሰው ይጣላበታል? ተጣላንበት። መምህር ደሳለኝ ለጎንደር አየር ንብረት ሁለት ሰጠ።

«ብርዱ ሰው ይገድላል» አለ።

«የባሕር ዳር ትንኝስ ይስማል?» አሉ ጋሼ ባበይ።

«ጋሼ፣ ድምፅን እንይ። ጣና ዳር ሲዘፈን ድምፁ ውሃውን መትቶ ነው የሚመለስ። ይኸ የሳይንስ ጉዳይ ነው።»

«ጎንደርም ግንቡን መትቶ ይመለሳል። ድንጋይ ይበልጥ ይመልሳል ወይስ ውሃ? አንተ መምህር አይደለህም እንዴ?»

መምህር ደሳለኝ አሰበ። ሒሳብ እንጂ ፊዚክስ አያስተምርም፣ ስለዚህ ከርከዴውን ጠጣ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ጋሼ ባበይ የባሕር ዳርን መኝታ ዝቅ ሲያደርጉ፣ መምህሩ የጎንደርን ዘፋኞች አንድ በአንድ አርጅተዋል እያለ ይቀንሳል። በመጨረሻ ደመርን። ጎንደር ሰማንያ አንድ። ባሕር ዳር ሰማንያ አንድ። ገዳሪፍ ሠላሳ አራት። ገዳሪፍን እንኳ ማንም አልተከራከረለት፣ በደህንነትና ሰነድ ላይ ዜሮ ስንሰጠው ከመካከላችን ቀና ብሎ ያየ የለም።

እኩል ሲወጣ ደንቡ የተጠቃሚ ፍላጎት ይጠየቅ ይላል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቅጹን ይዤ ቤቴ ገባሁና እናኑን አንገረቡ ላይ፣ የጠፍር አልጋችን ላይ፣ አስቀመጥኳት።

«ማን ቢዘፍን ትመርጫለሽ?»

«ማንም።»

«ማንም የሚል ምርጫ የለም።»

እናኑ ቅጹን በእጇ ወደ ጎን ገፋችው። «እኔ እኮ ዘፋኝ አላማረኝም» አለች። «ካሴቱ ቤቴ አለ። የናፈቀኝ ሜዳው ነው። ከሰው መሃል ቆሜ ከበሮው እዚህ እንዲመታኝ ነው የምፈልገው» ብላ ደረቷን በመዳፏ ነካች።

ልቤ ተነካ፣ አልዋሽም። ከዚያ «ሌሎች አስተያየቶች» በሚለው ሥር ጻፍኩት።

ሐሙስ ማታ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ እየገለበጥኩ ነበር። የቃለ ጉባኤ ገልባጭ ጆሮ እንደሌለው ከናንተ መሃል የሚያውቅ ያውቃል። እናኑ በሩ ላይ ቆመች። ሃሊማም ከኋላዋ ነበረች፣ ሽቶዋ ቀድሟት ገብቷል።

«ከሃሊማ ጋር ገዳሪፍ ልሄድ ነው፣ እኅቷ ቤት እናድራለን። የመሸጋገሪያውን ወረቀትም አውጥታልኛለች» አለች እናኑ።

እኔ ቀና አላልኩም። «ይያዝ» አልኩ፣ በስብሰባ ላይ ይመዝገብ ለማለት እንደምንለው።

«ኸላስ!» አለች ሃሊማ፣ አለቀ ማለቷ ነው። ሁለቱም ሳቁ። በመስማማቴ ደስ ብሏቸው መሰለኝ፣ በምን እንደተስማማሁ ግን አላውቅም ነበር።

ዓርብ ኮሚቴው ታሪካዊ ውሳኔ አሳለፈ። ከኛ የሚወጣው መንገድ አዘዞ ላይ ይገነጠላል፣ ወደ ግራ ጎንደር፣ ወደ ቀኝ ባሕር ዳር። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ በጋሼ ባበይ መኪና እንድንነሳና የመጨረሻው ምርጫ አዘዞ መገንጠያ ላይ እንዲካሄድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እኔም ይህን የምሥራች ይዤ ወደ ማምሻው ቤቴ ደረስኩ። በሩ ተዘግቷል። ቁልፉ እንደተለመደው ከእንስራው ሥር ነው። ጠረጴዛው ላይ ቅጹ ተቀምጧል፣ በሦስተኛው ረድፍ ትይዩ፣ ገዳሪፍ በሚለው ላይ፣ ፊርማ አለ። ከሥሩ በእናኑ እጅ፣ «ሐሙስ ነግሬህ ይያዝ ብለኸኛል። ተይዟል» ይላል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። እንዴት እኔን ጥላ ትሄዳለች? ብዬ ቤቱን ዞርኩት። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ ለንዴት አይበቃም። ከዚያ ቁጭ ብዬ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስድስት መስፈርት አለው። የእናኑ ስም በአንዱም የለም። ያኔ አፈርኩ። ሰው በጠባብ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲያፍር እንዴት እንደሚያስጠላ አታውቁም፣ አትወቁትም።

በማለዳ ጋሼ ባበይ ጥሩምባ ነፉ። መምህር ደሳለኝ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከፊት ተቀምጧል።

«እናኑስ?» አሉኝ።

«ገዳሪፍ ሄዳለች።»

ጋሼ ባበይ ሞተሩን አጠፉ፣ ባርኔጣቸውንም አወለቁ፣ ለቅሶ ቤት የደረሱ መሰሉ።

«በሠላሳ አራት ነጥብ?» አሉ።

እኔ አልሄድኩም። እነሱ ሄዱ፣ በኋላ እንደሰማሁት አዘዞ መገንጠያ ድረስ ነው የሄዱት። እዚያ ሥጋ ቤት ገብተው ለመወሰን ተቀመጡ። ድምፅ ለመስጠት ሁለት ሰው ናቸውና አንድ ለአንድ እየወጣ ሰዓቱ አለፈ፣ ጥብሱ አለቀ፣ ሌላ ጥብስ መጣ፣ ኮንሰርቶቹም ጎንደርና ባሕር ዳር ላይ በየፊናቸው ያለነሱ ተጀመሩ። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይህ ነው። መምህር ደሳለኝ ግን እስከ ዛሬ፣ ጉዞው ከጥብስ አንፃር ውጤታማ ነበር ይላል።

እሑድ በሚኒባስ ወሰኑ ድረስ ወረድኩና ከመሸጋገሪያው ድልድይ ወዲህ፣ ጥላ ባለበት ቆምኩ። ወረቀት ስለሌለኝ አልሻገርም። አንድ ሎሪ ከወዲያ መጣ። እናኑ ከጋቢናው ወረደች፣ የሃሊማን ብርቱካናማ ቶብ ለብሳለች። ስታየኝ ቆመች። ልትሸሽ ነው ወይስ ልትቆጣ ብዬ ስጠብቅ ሳቀች። ድምፅዋ ጠፍቷል፣ ከጉሮሮዋ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ያ ዞል!» አለችኝ ሃሊማ፣ አንተ ሰው ማለቷ ነው። «ሚስትህን ተረከብ፣ ድምፅዋን ግን ገዳሪፍ በልቶታል።»

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት እናኑን።

«ዘፍኜ ነዋ።» በሹክሹክታ ነበር የምታወራው፣ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የምሰማት። «ሰውዬው ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዞረው። ሱዳኑ ሁሉ በአማርኛ ዘፈነ፣ አንድ ቃል አልሳተም። ትርጉሙን አያውቁትም እኮ! እኔ ትርጉሙን ስለማውቅ አለቀስኩ። አለቀስኩና ዘፈንኩ።»

«ከበሮውስ?»

መንገድ ላይ ነን፣ ፖሊሱም ጉምሩኩም ያያል። እናኑ መዳፏን ደረቴ ላይ አድርጋ ሦስት ጊዜ መታችኝ። ጠንከር አድርጋ ነው የመታችኝ። በዚያ ምት ውስጥ የኮንሰርቱ ከበሮም፣ የአሥራ አንዱ ዓመት ጥበቃም ነበረበት መሰለኝ፣ ለማንኛውም አልጠየቅኩም። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ይያዝልሃል» አለችኝ።

በዓመቱ ጥምቀት ሲቃረብ ሞንታርቦ የጫነችው መኪና እንደገና ዞረች፣ ወረቀትም በተነች። ጋሼ ባበይና መምህር ደሳለኝ ኒሟ ሥር ቀጥረውኛል። እኔም ልማድ አይለቅምና ማስመሪያዬን አውጥቼ ሠንጠረዥ ላሰምር ስል እናኑ አንድ ወረቀት ከፊቴ አኖረች። የመሸጋገሪያ ወረቀት ይሁን፣ የአደራ ይሁን፣ የፍቺ ይሁን አላየሁም።

«ዘንድሮ አንተንም አስገብቼሃለሁ» አለችኝ። «የቀረው ፊርማህ ነው።»

ሳላነበው ፈረምኩ።