ስክሪኑን ወደ ራሴ ያዞርኩ ዕለት

እኛ ሰዎች ሥራችንን ሌላው አጮልቆ ሲያይብን አንወድም። ወጥ ሠሪዋ «ክዳኑን አትክፈቱብኝ» ትላለች፤ መካኒኩ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ በጀርባው ይከልላል። እኔ ሰመመን ሰጪው ደግሞ ከሁሉም እብሳለሁ። ጭሮ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ በሽተኛ አስተኝቼ የመተንፈሻ ቱቦ ሳስገባ፣ የጉሮሮውን ውስጥ የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው ቆሞ ያደንቃል። እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ!

ታዲያ አንድ ቀን አዲስ መሣሪያ መጣልን፤ ምላስ ማንሻው ጫፍ ላይ ካሜራ፣ ከላይ ትንሽ ስክሪን። «ቴሌቪዥን» ብዬ ስም አወጣሁለትና ጥግ አስቀመጥኩት።

አዴ ሐሊማ ከመሰላ ወረዳ መጡ። ጫት ነጋዴ ናቸው፤ እንቅርታቸው አድጎ አድጎ የመተንፈሻ ቧንቧቸውን ወደ ጎን ገፍቶታል። ሳላስተኛቸው በፊት እጄን ያዙና «ልጄ፣ ከአላህ በታች ትንፋሼን አደራ» አሉኝ። «አይዞዎት!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ተኙ። በለመድኩት መሣሪያ ገባሁ፤ የሚታየኝ ምላስ ብቻ። ደገምኩ፤ አሁንም ምላስ። የኦክስጅን መለኪያው ድምፅ እየወፈረ ወረደ፤ ሴትዮዋ እያመለጡኝ ነው ማለት ነው። በማስክ አየር እየሰጠሁ «ያንን ቴሌቪዥን አምጡልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ፈርቻለሁ።

በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ስክሪኑን ሌላው እንዳያይብኝ ወደ ራሴ አላዞርኩትም? የመተንፈሻ ቧንቧው በር፣ የድምፅ አውታሩ፣ ወለል ብሎ ታየኝ። ቱቦው ግን ይሄዳል፣ ይነካል፣ ይመለሳል። ለካ ማየትና መድረስ ለየቅል ናቸው! ይሄኔ «ጌታ ሆይ» እያለች ስትጸልይ የነበረችው ነርሷ ሲስተር ብርቱካን በትከሻዬ ላይ አንገቷን አሰገገች። በኛ ከተማ ስክሪን ፊት ቆሞ አሰልጣኝ የማይሆን ሰው የለም፤ እሷም አላስቻላትም።

«በጣም ቀርበሃል እኮ! ትንሽ ወደኋላ ሳበው፣ ቱቦው መግቢያ ይኑረው!»

ልቆጣት ነበር፤ ጊዜ ከየት ይምጣ? ምላስ ማንሻውን ሳብ አደረግኩት። ምስሉ ራቅ፣ ቦታው ሰፋ አለ። ቱቦውን ገፋሁት፤ ሰተት! ክፍሉ በሙሉ ጎል እንደገባ ጮኸ፤ ቀዶ ሐኪሙ ሳይቀር «እሰይ!» አለ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አዴ ሐሊማ ነቁ። በሻከረ ድምፅ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ እንባዬ መጣ። ሐኪሙ ወደ እኔ እያሳየ «ትንፋሽዎን ያተረፈው እሱ ነው» አላቸው። ምርቃታቸውን አወረዱት። ብርቱካን ጓንቷን ታወልቃለች።

«መንገዱን ያሳየችኝ እሷ ናት» ማለት ነበረብኝ። እመኑኝ፣ ያንን ቱቦ ከማስገባት ይህችን ቃል ከጉሮሮዬ ማውጣት ባሰ። ግን እንደምንም ከአፌ ወጣች።