በጅቡቲ ባቡር የመጣ ባለሙያ

ድሬዳዋ ውስጥ ሥራ የሚገኘው በእውቀት ነው ያላችሁ ሰው ካለ፣ ወይ ድሬን አያውቃትም ወይ ሥራ ፈልጎ አያውቅም! እዚህ ከተማ የሚጠየቀው «ምን ተማርክ?» ሳይሆን «በየትኛው ባቡር መጣህ?» ነው።

እኔ ባሕር ማዶ ድረስ ሄጄ የምግብ ቴክኖሎጂ ተምሬያለሁ። ብስኩት ሳይሻግት ሳይረጥብ እንዴት እንደሚቆይ ስንት ፈተና ወድቄ ተነሥቼበታለሁ። ምን ዋጋ አለው... ስመለስ በአውሮፕላን አዲስ አበባ አረፍኩና፣ ከዚያ በአዲስ አበባው ባቡር ድሬ ከች አልኩ። ስሕተቴን አያችሁልኝ? ሽቶው፣ ጨርቁ፣ ሰዓቱ፣ ደህና ነገር ሁሉ የሚመጣው ከጅቡቲ ነዋ! ከአዲስ አበባ በኩል የሚመጣማ ጤፍና ግብር ሰብሳቢ ነው።

ከበር በር ሥራ ስለምን ከረምኩ። የእናቴም ትዕግሥት አለቀ።

«ስለ ምግብ ተማርኩ ብለህ የእኔን ምግብ ጨረስከው እኮ! እስከ ፋሲካ ሥራ ካላገኘህ አጎትህ ሱቅ ገብተህ ጨው ትመዝናለህ!»

በመጨረሻ መጋላ ሰፈር፣ ሐጂ አደም ብስኩት ቤት ሄድኩ። ሐጂ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። ጉዴም እሱ ነበር።

«አቦ፣ አንተን ማን ባለሙያ ይልሃል? እዚሁ ከዚራ ሰፈር ስታለቅስ ነው ያደግከው!»

«ዲፕሎማ አለኝ እኮ ሐጂ!»

«ደንበኛ ዲፕሎማ አይበላም። ከጅቡቲ ባቡር ስትወርድ ባይህ ኖሮ ‹ባለሙያዬ በጅቡቲ ባቡር መጣ› እል ነበር። ሳላይ ግን ወላሂ አልልም፤ እኔ አልዋሽም!»

ሐቀኛ ሰው ናቸው፣ ምን ይደረግ!

በማግስቱ በጭነት መኪና ሽንሌ ወረድኩ። ሽንሌ ከድሬ ወደ ጅቡቲ ስትሄዱ የምታገኟት የመጀመሪያዋ ጣቢያ ናት። እዚያ ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ከጅቡቲ የሚመጣውን ባቡር ተሳፈርኩ። መቀመጫዬን ሳላሞቅ ድሬ ደረስን! ሐጂ ዱቄታቸውን ሊቀበሉ ጣቢያው ላይ ቆመዋል። ከባርኔጣዬ እስከ ጫማዬ አዩኝ።

«ወላሂ በዓይኔ አየሁ!» አሉ። «ነገ ሥራ ግባ።»

ደስታዬን አትጠይቁኝ! በሙሉ ልቤ ጋገርኩ፤ ጥርስ የሌለው እንኳ የሚያጣጥመው ብስኩት! የሚገዛ ግን ጠፋ። ደንበኛው ይቀምስና «ይሄማ የዚሁ ነው፣ ከጅቡቲ የመጣውን ስጡኝ» ብሎ ይሄዳል። ወሽመጤ ቁርጥ አለ፤ የአጎቴ ጨው ታየኝ።

ሐጂ ግን ምንም አልመሰላቸውም። ባርኔጣዬን ከተሰቀለበት አንሥተው በእጄ ሰጡኝ።

እናም ዛሬ የተከበርኩ የምግብ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ነኝ። ሥራህ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ ብስኩቱን በጭነት መኪና ሽንሌ አደርሳለሁ፤ ከዚያ በባቡር ይዤው እመለሳለሁ። ሐጂ ጣቢያው ላይ ቆመው ሲወርድ ያዩታል... እሳቸው መቼም አይዋሹም!