ማንን የሚያነቃ ማንቂያ?

ከዚህ በታች ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ዕድሜዬ እዚሁ ላይ ይቆረጥ፤ ነፍሴን አስይዤ ነው የምምለው። ሽማግሌ ሲምል አይታመንም የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ እኔ ግን ገና ሰማንያ አልሞላኝም።

ሰው ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሌለው እንስሳ ማኖር የለበትም። ይህ የዕድሜ ልክ ጥናቴ ውጤት ነው። ውሻ ሲርበው ያላዝናል፣ ዶሮ ታስካካለች፣ ድመት እግር ለእግር ትታሻለች። ዓሣስ? ዓሣ ሲጨንቀው ምን ይላል? አፉን ከፈት ዘጋ ያደርጋል፤ እሱንም ሲጠግብ ያደርገዋል። በደርግ ጊዜ እኛም ከዚያ የተለየን አልነበርንም።

ያን ጊዜ እኔና ባለቤቴ ስንዱ ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር የምንኖረው። አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ወደ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲሸጥ፣ ሌላው ሰው አልጋና ፍሪጅ ሲሻማ፣ ስንዱ አንድ የመስታወት ገንዳ ከነአምስት ዓሦቹ አሸክማ መጣች። ቀያይ ነበሩ። በዚያ ዘመን ቀይ መሆን ለዓሣም ሳይጠቅም አይቀርም።

ገንዳው ግን በአንዱ ማዕዘኑ ያንጠባጥባል። የናዝሬት ፀሐይ ደግሞ ከላይ ትመጠዋለች። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ድስት ሙሉ ውሃ መስኮት ላይ አስቀምጬ መነጽሬን ጠርጌ ሳልጨርስ ደርቋል። አንድ ቀን ስንዱ እናቷን ልትጠይቅ ደብረ ዘይት ስትሄድ አደራውን ለእኔ ሰጠች፤ እኔም በክብር ረሳሁት። ስትመለስ ውሃው ጣት አያሰጥም፤ አንዱ ዓሣ በጎኑ ተኝቷል። የአራቱን ብቻ ራት ሰጥታ ተኛች። የእኔን ረሳችው።

መላውን ያመጡት ጎረቤታችን ጋሽ ቶሎሳ ናቸው፤ የባቡር ጣቢያው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። «አንተ ውሃውን ማየት ካቃተህ ውሃው ራሱ ይጥራህ» አሉኝ። አንዲት የፒንግ ፖንግ ኳስ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ አሰሩ። ዘንጉ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል። ውሃው ሙሉ ሲሆን ኳሷ ትንሳፈፋለች፤ ውሃው ሲጎድል ኳሷ ትወርድና የዘንጉ ሌላ ጫፍ ሽቅብ ወጥቶ ሽቦን ከሽቦ ያገናኛል። ያኔ ደወሉ ይጮኻል፤ ውሃ እስኪጨመር ዝም አይልም። ደወሉ ባቡር ሲመጣ ከተማ የሚቀሰቅስ፣ አርጅቶ ከጣቢያው የተጣለ ነበር። የሞከርነው ቀን ወንጂ ያሉ አገዳ ቆራጮች ምሳ ደረሰ ብለው ገጀራቸውን አስቀምጠዋል።

የቀበሌው አዳራሽ በእህል ጆንያ ተሞልቶ ስለነበር የእሁድ ጠዋቱ ውይይት በየቤቱ በተራ ይካሄድ ነበር። የእኛ ተራ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን እንደታጠቀ ከትልቁ ጠረጴዛችን ኋላ፣ ለዓሣ ገንዳው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ስንዱ የሠራችው ዳንቴል ከጠረጴዛው እስከ መሬት ይወርዳል፤ ከላዩ ደግሞ ለሊቀመንበሩ የቀረበ አንድ ጆግ ውሃ አለ። በቤቱ የነበረው ውሃ እሱ ብቻ ነው፤ ቧንቧው ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

የዕለቱ ርዕስ መንፈስ የሚባል ነገር እንደሌለ ማስረዳት ነው። ሊቀመንበሩ ያስረዳል፤ እኔ ግን የማየው ከትከሻው በላይ ያለችውን ኳስ ነው። እየወረደች ነው። ብድግ ብዬ ውሃ ልጨምር? ያለፈው እሁድ በንግግር መሐል የተነሣው መምህር ጎረቤታችን ነበር። ለጥቂት ጥያቄ ተፈልጎ ሄደ፤ ጥያቄው እስካሁን አላለቀለትም። ስለዚህ ተቀምጬ ኳሷን ለመንኳት። ስንዱም አይታታለች፤ ቀሚሷን በጣቶቿ ስትጨብጥ አየኋት። ኳሷ አንድ ጥፍር ወረደች። ሌላ ጥፍር። ሊቀመንበሩ «ሰማይ ቤት ባዶ ነው» ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታ ገንዳው ተነቃነቀ።

ደወሉ ጮኸ።

ቤቱ ውስጥ የቆመ ሰው አልቀረም። ሠላሳ ሰው ወለሉ ላይ ተነጠፈ። ሊቀመንበሩ ከሁሉ ቀድሞ ከጠረጴዛው ሥር ገባ፤ እዚያም «እመብርሃን፣ እመብርሃን» እያለ ይጣራ ጀመር። እኔ እንደምንም ተነሥቼ ጆጉን ገንዳው ውስጥ ገለበጥኩት። አልበቃም። የሊቀመንበሩን ብርጭቆ ደገምኩ። ደወሉ ዝም አለ።

ሊቀመንበሩ ሲወጣ ዳንቴሉ ትከሻው ላይ እንደ ነጠላ ቀርቷል። ማንም አልሳቀም። ፈንጂ በሆነ ይሻለኝ ነበር፤ እኛ ያየነው እሱን ሲፈራ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ።

ደወል ነው ብል ምን ነበረበት? አፌ ግን «ማንቂያ ነው» አለ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በየሰልፉ «ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ» እያለ የሚያስጮኸን ነው። ማንቃት የመንግሥት ሥራ ነበር። በግሉ ማንቂያ ያቋቋመ ሰው ነገ ማደራጀቱ፣ ከነገ ወዲያ ማስታጠቁ ይቀራል?

«ማንን የሚያነቃ?» አለኝ።

«እኔን።»

«እኛ እስከ ዛሬ አላነቃንህም ማለት ነው?»

ጋሽ ቶሎሳ ሊያድኑኝ ብድግ አሉ። «ጓድ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃው ሰርጎ...»

«ሰርጎ ምን?»

ሰርጎ ገብ ያን ጊዜ የጠላት ስም ነበር፤ ስንቱ ሰው በዚህ ስም ከቤቱ እንደወጣ አልቆጥርላችሁም። ጋሽ ቶሎሳ ላባቸውን ጠረጉ። «ገብ አይደለም፣ ጓድ» አሉ። «ይሄኛው ሰርጎ ወጪ ነው።» ቀጥለው ኳሷን እያሳዩ «እቺ መሐል ላይ የምትሰፍረው» ሲሉ እግራቸውን ረገጥኳቸው። ከአብዮቱ ጋርም፣ ከጠላት ጋርም ያልሆነ ሰው መሐል ሰፋሪ ይባል ነበርና፣ ይቺ ቃል ከተጨመረች ለስንዱ የሚቀራት አራት ዓሣና አንድ ባዶ ወንበር ነው።

ሊቀመንበሩ ረጅም ጊዜ አየኝ። እኔም አየሁት። ዳንቴሉን ከትከሻው አወረደ፤ «ውይይቱ ይቀጥል» አለ። ቀጠለ፤ ርዕሱ ግን ስለ ጽዳት ዘመቻ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀናት አትጠይቁኝ። ስንዱ ብርድ ልብስና ሳሙና ጠቅልላ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። መኪና ባለፈ ቁጥር ጥቅሉን አያለሁ። ሐሙስ ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ። ብርድ ልብሱን ይዤ ከፈትኩ።

ሊቀመንበሩ ነው፤ ብቻውን።

«ያ ነገር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ቤት ይሠራል?»

«ዓሣ አለዎት እንዴ፣ ጓድ?»

«የለኝም።» መንገዱን ግራና ቀኝ አየ። «በር ሲነካ እንዲጮኽ ማድረግ ይቻላል ወይ?»

ጋሽ ቶሎሳ ሄደው ለበሩ አንድ፣ ለመስኮቶቹ ሦስት ገጠሙለት። ስንዱም ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ መለሰችው።

እንግዲህ ነፍሴን አስይዤ ምያለሁና አንዲት ትንሽ ነገር ላስተካክል። ከሁሉ ቀድሞ ከጠረጴዛው ሥር የገባው ሊቀመንበሩ ነው ያልኳችሁ ፈጠራ ነው። ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ባይሆን በዚያ ሁሉ የደወል ጩኸት ውስጥ «እመብርሃን» ማለቱን ማን ይሰማው ነበር? መጀመሪያ ግን «ጠጋ በል፣ ጓድ» ነው ያለኝ፤ እኔም ተጠጋሁለት።