የተጨመቀ አልሰማም

በየከተማው አንድ ሰው አይጠፋም፤ ማሩ ከነሰፈፉ፣ ጠላው ጉሽ፣ ወሬው ከባለቤቱ አፍ ካልሆነ የማይዋጥለት። ለቢቸና የደረሳት ስጦታው የሚባል ሰው ነው፤ የእሱ ደግሞ በጆሮ መጣ። ሰፈሩ «መሪጌታ ጆሮ» ይለዋል። ሚስቱ ይርጋነሽ የምትለው ባይጻፍ ይሻላል።

ዘፈን ስልክ ላይ እንዲቀል ጥቃቅን ድምፁ እየወጣለት ይጨመቃል፤ አገር ሁሉ የሚሰማው ያንኑ ነው። ስጦታው ግን «የተጨመቀ አልሰማም» ብሏል። ሻይ ቤት የተከፈተው ዘፈን ካልጣመው ሻዩን ሳይጨርስ ይወጣል። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ እየጨፈሩ፣ እሱ ድምፅ ማጉያው ሥር ተንበርክኮ «ይሄ እኮ ጭማቂ ነው» ሲል ተገኝቷል።

ዘንድሮ የባሰበት በሁለት ልጆች ምክንያት ነው። የሞጣዋ ሪሃብ በጊታር፣ የጎረቤቱ ልጅ ሐብታሙ በክራር፣ እዚያው ሐብታሙ ግቢ ቁጭ ብለው ዘፍነው ቀዱ። ስጦታው ያልተጨመቀውን ቅጂ በፍላሽ ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲህ ትልቅ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ዓይኑን መጨፈን ነው። ሪሃብ ከመዝፈኗ በፊት ምራቋን ስትውጥ ይሰማል። የሐብታሙ ጣት ጅማቱን ሲያሽ ይሰማል። ይርጋነሽ «ምሳ ቀርቧል» ስትል ግን አይሰማም።

አንድ ቅዳሜ ጠርታ ጠርታ ሲሰለቻት ነጠላዋን አጣፋች፤ ሻንጣዋን አንስታ ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ መነጨቀችው።

«ሞጣ እህቴ ዘንድ መሄዴ ነው። እሷ እንኳ ስጠራት አቤት ትላለች።»

ስጦታው ደነገጠ። ሻንጣው የምር ሻንጣ ነበር።

«ሂጅ ካልሽም ይቺን ሰምተሽ ሂጅ።»

«የሰው ምራቅ ልታሰማኝ?»

«ምራቅ አይደለም። ስሚ ብቻ።»

ማዳመጫውን ደፋላት። ዘፈኑ እያለቀ ነበር። ከክራሩ ሥር፣ ከአጥር ማዶ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ፦ «ስጦታው! ኧረ አንተ ሰውየ፣ ወጡ በረደ!»

የራሷ ድምፅ ነው። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች።

«የተጨመቀው ላይ ፈልጌ አጣሁሽ፤ ክራሩ ውጦሻል» አለ ስጦታው አንገቱን ደፍቶ። «እዚህ ላይ ግን አለሽ። እኔም እስክትመጪ ነው ዘፈኑን የምሰማው።»

የይርጋነሽ ዓይን እንባ አቀረረ። ወዲያው አንድ ነገር ታወሳት።

«ቆይ እስቲ። ሲቀዱ አንተም እዚያው ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ስጠራህ ትሰማ ነበር ማለት ነው?»

«ጥርት ብሎ ነው የተሰማኝ» አለ መሪጌታ ጆሮ። «አቤት ብልሽ ኖሮ ግን ቅጂው ይበላሽ ነበር።»

የሞጣው አውቶቡስ ከመንገድ ጡሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። ይርጋነሽ አልሰማችውም። ማዳመጫውን መልሳ ደፍታ፣ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ «ከመጀመሪያው ክፈትልኝ» እያለች ነበር።