«ወንበሩ ነው» የሚሉት ጋሽ ዶላሞ

በዚህ ዓለም ላይ አጭር ሹፌር የለም። ወንበሩ የወረደበት፣ መሪው ከፍ ያለበት፣ መኪናው ለሌላ ሰው የተሠራበት ሹፌር ግን በየከተማው ሞልቷል። እናንተም አንዱን ሳታውቁ አትቀሩም። የእኛው ጂንካ ነው ያሉት፤ ክቡር ሊቀ ሹፌራን ጋሽ ዶላሞ። የመሥሪያ ቤታችንን መኪና መንዳት ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው።

ስለ ቁመታቸው ብዙ አልናገርም። ብቻ በጂንካ ባጃጅ ውስጥ ቆሞ ጃኬቱን ማውለቅ የሚችል አዋቂ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

በአሮጌዋ የናፍጣ መኪና ዘመን ችግር አልነበረም። ሞተሯ ከሩቅ ስለሚጮኽ ሰዉም ከብቱም ቀድሞ መንገድ ይለቃል። ወንበሯ ላይ አራት ቦታ የታጠፈ ብርድ ልብስ ነበር። «ለወገቤ ነው» ይላሉ። እኛም ለወገባቸው ነው እንላለን።

አምና የኤሌክትሪኳ መጣች። ነጭ፣ ግዙፍ፣ እንደ ጎተራ የቆመች። ባትሪዋ ከሥር ስለተነጠፈ ወለሏ ከፍ ብሏል፤ የበሯ መስኮት ከፍ ብሏል፤ አፍንጫዋም ከፍ ብሏል። ከፍ ያላሉት ጋሽ ዶላሞ ብቻ ናቸው። ይባስ ብሎ ድምፅ የላትም። ቅዳሜ በገበያው ዳር ሲያልፉ ሽንኩርት ነጋዴዎቹ ሹፌር የሌለው መኪና መጣ ብለው ተነሡ። ባጃጅ ነጂው ሶርሳ ደግሞ ከባዶ መኪና ውስጥ እጅ ብቻ ብቅ ብሎ ሰላም አለኝ ብሎ ምሏል።

«ጋሽ ዶላሞ፣ ወንበሩ እኮ ቁልፍ ሲጫኑት ከፍ ዝቅ ይላል» አልኳቸው አንድ ቀን።

ለካ ሞክረውታል። ከፍ ሲያደርጉት መንገዱ ይታያል፣ እግራቸው ግን ፍሬን አይደርስም። ወደፊት ሲያስጠጉት እግራቸው ይደርሳል፣ መሪው ግን ደረታቸው ላይ ይቀመጣል። ዝቅ አድርገው ወደኋላ ሲሉ ደግሞ እንደ ባለሥልጣን ይመቻቸዋል፤ የሚታየው ግን ሰማይ ብቻ ነው።

«ወንበሩ ነው» አሉኝ ቆጣ ብለው። «የሠራው ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ ካንጋተን ደርሶ አያውቅም።»

«ካሜራ አላት እኮ፣ ፊት ለፊት ያለውን በስክሪኑ ያዩታል።»

«እኔ ሥራ ላይ ቴሌቪዥን አላይም።»

እንዲህ እያሉ አንድ ጊዜ የግቢያችንን በር፣ አንድ ጊዜ የውሃውን ሮቶ ጫሩ። ኃላፊያችን አቶ ልዑልቃል አስጠሯቸው። «አከብርዎታለሁ፤ ሦስተኛ ጭረት ካየሁ ግን ቁልፉ ለጥላሁን ይሰጣል። እርስዎ ንብረት ክፍል ይገባሉ» አሏቸው። ጥላሁን ሲቀመጥ ጭንቅላቱ ጣራ የሚነካ ወጣት ሹፌር ነው። ያን ዕለት ጋሽ ዶላሞ ምሳ አልበሉም። ከመሪ ወርዶ መጋዘን ውስጥ መቀመጥ ለእሳቸው በቁም መሞት ነው።

በሳምንቱ ተአምር ሆነ። ጋሽ ዶላሞ ከፍ አሉ። ዓይናቸው ከመሪው በላይ ታየ፤ ሶርሳ እንኳ «ዛሬስ ሰው አለው» አለ። ሁላችንም ወንበሩን ለመዱት ብለን ተደሰትን።

እኔ ግን የደስታ ጊዜ አልነበረኝም። የዕቅድ ባለሙያ ነኝ፤ የአሥር ዓመት ዕቅዳችን፣ ሰማያዊ ሽፋን ያላቸው ሦስት ወፋፍራም ጥራዞች፣ ከመደርደሪያዬ ጠፍቷል። ኮምፒውተር ላይ የነበረውም ከኮምፒውተሩ ጋር ተበላሽቷል። እርግጥ ማንም አንብቦት አያውቅም፤ ግን ገምጋሚዎች እየመጡ ነው።

መጡ። ይዘናቸው ወደ ዲመካ ወጣን። አቶ ልዑልቃል ከፊት ተቀምጠው መንገዱን ትተው ሹፌሩን ያያሉ። ጋሽ ዶላሞ ጉድጓዱንም ፍየሉንም በእርጋታ ያልፋሉ። መሀል ላይ አንደኛዋ ገምጋሚ «እስቲ ዕቅዳችሁን እየሄድን እንየው» አሉኝ።

ቦርሳዬን የምፈልግ መስዬ ጎንበስ ስል፣ ከሹፌሩ ብርድ ልብስ ሥር ሰማያዊ ሽፋን አየሁ። ዕቅዳችን ከነአባሪው፤ አንዱ ጥራዝ ከሥር፣ ሁለቱ ከጀርባ። ቀና ስል ጋሽ ዶላሞ በመስታወቱ እያዩኝ ነው። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ብጎትተው እኔ እድናለሁ፣ እሳቸው አለቃቸው አጠገብ ይሰምጣሉ። እውነት ለመናገር እጄ ተዘርግቶ ነበር። ግን ካቻምና ካንጋተን ለሥራ ሄጄ ወባ ሲጥለኝ፣ በዝናብ እስከ ጂንካ ሆስፒታል ያመጡኝ እኚሁ ሰው ናቸው። ጭቃው መስታወቱን ስለሸፈነው ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ መሪውን እንደያዙ፣ ግማሽ መንገድ ቆመው ነዱ። በኋላ ስጠይቃቸው «ወገቤን ላፍታታ ብዬ ነው» አሉኝ።

«ጠፍቶብኛል» አልኩ።

ያለ አንድ ጭረት ሄደን ያለ አንድ ጭረት ተመለስን። በማግስቱ አቶ ልዑልቃል የመንግሥት ሰነድ በማጥፋት የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፈው ጠበቁኝ። ሊፈርሙ እስክሪብቶ ሲያነሡ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ዶላሞ ሦስቱን ጥራዝ እስከ አገጫቸው ታቅፈው ገቡ።

«ሩሐማ አላጠፋችውም» አሉ ወደ እኔ እያዩ። «እኔ ተቀምጬበት ነው።»

«ለምን?» አሉ አቶ ልዑልቃል።

ወንበሩ ነው ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ጥራዞቹን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ የመኪናዋን ቁልፍ ከላዩ አስቀመጡ።

«አይታየኝማ» አሉ። «አጭር ነኝ።»

እንባዬ መጣ። አቶ ልዑልቃል ቁልፉን ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉት።

«ትናንት ዲመካ ድረስ አንድ ፍየል እንኳ አላስደነገጡም» አሉ። «ቁልፍዎን ያንሡ። ሩሐማ፣ ለጋሽ ዶላሞ የሚሆን መቀመጫና መደገፊያ ስፖንጅ የግዥ መጠየቂያ ሙዪ። ዕቅዱንም ወደ ቦታው መልሺ።» ማስጠንቀቂያውን ቀደዱት።

ግዥ ክፍል ግን ያለ ስፔሲፊኬሽን መርፌ አይገዛም። ቅጹ ላይ «የተጠቃሚው ቁመት» የሚል ክፍት ቦታ ነበር። ጋሽ ዶላሞ በሩን ዘግተው፣ መስኮቱንም አይተው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ቁጥሩን ነገሩኝ።

ይኸው እስከዚህ ድረስ ሳማቸው የቆየሁት እኔ «መካከለኛ» ብዬ ሞላሁ። ስፖንጁን ለሚቆርጠው ሰው እውነቱን በቃሌ ነግሬዋለሁ፤ እናንተ ግን ከእኔ አትሰሙትም።