የጓድ አመለወርቅ የካርቶን ቃሬዛ

ጓድ አመለወርቅ ለፈቃድ የመጣውን የቤት ፕላን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጉና አራቱን ማዕዘን በጠጠር ይጭናሉ። ማስመሪያውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ከዚያ ከመሳቢያቸው ከክብሪት ካርቶን የተቆረጠች፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቁራጭ ያወጣሉ። ይህች ቁራጭ በፕላኑ መጠነ ልኬት የተሠራች ቃሬዛ ናት። በጣታቸው እየገፉ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ መንገድ ይወስዷታል። ካለፈች ማኅተም ይመታሉ። ከቆመች «በሽተኛው ቀረ» ይላሉ፤ ፕላኑ ይመለሳል።

በየማዘጋጃ ቤቱ እንዲህ ያለች አንዲት ሴት አለች። ሹም ይሻራል፣ አብዮት ይፈነዳል፣ እሷ ከነማስመሪያዋ እዚያው ናት። የጂንካዋ የእኛዋ በካርታ ገልባጭነት ገብተው ዛሬ ያለ ፊርማቸው የዶሮ ቤት እንኳ አይቆምም። የቀበሌው ሊቀ መንበር የአዳራሹን በር አስፋ ሲባል «አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ማን ይታመማል?» ቢላቸው፣ «ስብሰባው ሲረዝም ያዩታል» አሉት።

እኔ አናጢ ነኝ። የገጠምኩትን መቃን መልሼ በነቀልኩ ቁጥር ስማቸውን በክፉ አንሥቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ባለሱቁ ሰማኸኝ ፈቃድ ሳይጠብቅ ለመጋዘን ማስፋፊያ ቋሚ ተከለ፣ ማገር መታ። የተከለው መተላለፊያችን ላይ ነው። ከሱቁ ጀርባ የምንኖረው እኔና ባለቤቴ ዘሪቱ ነን፤ ከእኛ ኋላ ኔሪ ወንዝ ነው፣ ሌላ መውጫ የለንም። ዘሪቱ ደግሞ ወሯ ገብቷል።

ሰማኸኝ ፕላኑን ይዞ ሲቀርብ የካርቶኗ ቃሬዛ ከእኛ ቤት ተነሥታ የመተላለፊያው ኩርባ ላይ ቆመች።

«በሽተኛው ቀረ።»

«ኧረ ጓድ! ይሄ እኮ ካርቶን ነው። ሰው ይታጠፋል!»

«እንግዲያው እንሂድና ይታጠፉልን።»

የእድሩን ቃሬዛ አስመጡ። ሰማኸኝን ከነካፖርቱ አስተኙት፤ እኔና ሌሎች አናጢዎች ተሸከምነው። «በቁሜ ልትቀብሩኝ ነው እንዴ?» እያለ ኩርባው ላይ ደረስን። እግሩ አለፈ፤ ቃሬዛው ግን ማገሩ ላይ ተሰንቅሮ ወደፊትም ወደኋላም እንቢ አለ። ዘሪቱ ደጃፏ ላይ ሆዷን ደግፋ ትስቃለች።

«ይታጠፉ እንጂ፣ አቶ ሰማኸኝ» አሉ ጓድ አመለወርቅ።

«አፍርሱት!» አለ፣ እንደተንጋለለ። «አፍርሱትና አውርዱኝ!»

አፈረስነው።

ሳምንት ሳይሞላ ዘሪቱ ምጥ ጠናባት። በዚያው ቃሬዛ፣ በዚያው ኩርባ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ከፊት የያዘው ሰማኸኝ ነበር፤ «ቀስ! ወደ ግራ በሉ! ይሄን ኩርባ እኔ ነኝ የማውቀው!» ይላል። ልጃችን ሐና አሁን ትድሃለች። እኔም መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አንዲት የክብሪት ካርቶን ቁራጭ አኑሬአለሁ።

ስለ እሳቸው ልጽፍ መሆኑን ስነግራቸው ጓድ አመለወርቅ ከፕላኑ ላይ ቀና አላሉም።

«ምስጋናውን ተወው። አንባቢዎችህን ግን አንድ ነገር ለምንልኝ። አንብበው ሲጨርሱ ይነሡ፤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ያድርጉና ከአልጋቸው እስከ መንገዱ ይሂዱ። ክርናቸውን የነካውን ሁሉ ያንሡልኝ።»